ላብራቶሪ የለም፣ በጀት የለም፣ የሳይንስ ፌር እንዴት ላዘጋጅ ላልሽው መምህርት

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ሌሎቹም እንዲከታተሉ ባጭሩ ልድገመው። ደብረ ብርሃን አንድ የመንግስት ት/ቤት ውስጥ 5ኛና 6ኛ ክፍል አካባቢ ሳይንስ ታስተምሪያለሽ፣ ርዕሰ መምህሩ የዘንድሮውን የሳይንስ ፌር አንቺ ታዘጋጂዋለሽ ብለው ሰጥተውሻል፣ ላብ የለም፣ በጀት የሚባል ነገር የለም፣ አንድ ክፍል ውስጥ 60 ምናምን ልጅ አለ፣ አምና የቀረበው ደግሞ አብዛኛው ተገዝቶ የመጣ ሞዴል ወይ አባትና ታላቅ ወንድም የሰራው ነገር ስለነበር ልጆቹ ሲጠየቁ መልስ አጡ። "ከየት ልጀምር፣ ወላጆቹንስ ምን ልበላቸው፣ ዳኝነቱስ እንዴት ይሁን" ነው ያልሽው። እኔ ኮሌጅ ላይ የሳይንስ ማስተማሪያ ዘዴ ነው የማስተምረው፣ ከዛ በፊት እንዳንቺው ክፍል ውስጥ ነበርኩ፣ ብዙ ት/ቤት ፌር ላይም ዳኛ ሆኜ ስለቀረብኩ የማውቀውን በዝርዝር እፅፍልሻለሁ፣ ረጅም ነው ግን ቀስ ብለሽ አንብቢው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንስማማ። የአምናው ችግር ልጆቹ ሰነፎች ስለሆኑ ወይም ወላጆቹ ስለዋሹ የመጣ አይመስለኝም። "የሳይንስ ስራ ይዛችሁ ኑ" ከተባለ ልጁም ወላጁም የሚገባው የሚያምር እቃ ይዛችሁ ኑ ነው፣ የሚያምር እቃ ደግሞ የ11 ዓመት ልጅ ብቻውን አይሰራም፣ ስለዚህ ይገዛል ወይ ይሰራለታል። የልብ ሞዴል፣ የፀሐይ ጭፍሮች በኳስ፣ ከአቼቶና ከቤኪንግ ሶዳ አረፋ የሚተፋ እሳተ ገሞራ፣ እነዚህ ሁሉ ማሳያ ናቸው፣ ክፍል ውስጥ ለማስተማር ጥሩ ናቸው ግን ልጁ በነሱ ያገኘው አዲስ ነገር የለም፣ መልሱ ከመጀመሪያው ይታወቃል። እሳተ ገሞራው ደግሞ ስለ ኤርታሌ ምንም አያስተምርም፣ ኤርታሌ ላይ የሚፈላው የቀለጠ ድንጋይ ነው፣ አቼቶው የሚያሳየው አሲድ ከቤኪንግ ሶዳ ጋር ሲገናኝ ካርቦንዳይኦክሳይድ እንደሚወጣ ነው፣ ልጁ ሁለቱን አምታቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። አንቺ መቀየር ያለብሽ ትእዛዙን ነው። "ስራ አምጡ" ማለቱን ተይና "ጥያቄ አምጡ" በያቸው። መልሱን አስቀድሞ የማያውቀው፣ እራሱ ሁለት ነገር አወዳድሮ፣ ለክቶ ወይ ቆጥሮ ሊያገኘው የሚችል ጥያቄ። ከዚህ በታች የምፅፍልሽ ነገር ሁሉ ከዚች የሚመነጭ ነው።

ለልጆቹም ለመምህራኑም ይሄን ስታስረጂ የፕሮፌሰር አክሊሉ ለማን ታሪክ ንገሪያቸው፣ እኔ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለኝም። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ስለ ቢልሃርዚያ ሲያጠና ሴቶች በእንዶድ ልብስ የሚያጥቡበት ወንዝ ዳር ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አየ። የቢልሃርዚያ ጥገኛ ትል ደግሞ ሰው ላይ ከመድረሱ በፊት የእድገቱን አንድ ክፍል የሚያሳልፈው ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ነው። ሌላው ሰው በዛ ወንዝ ዳር ስንት ዘመን አልፏል፣ እሱ ግን ቆሞ ጠየቀ። ከወንዙ ላይኛ በኩል በህይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ወስዶ እቃ ውስጥ አደረገና አንዷን ሴትዮ የእንዶዱን አረፋ እንድትጨምርበት አደረገ፣ ሞቱ። በቃ ይሄ ነው ሙከራ ማለት፤ አየ፣ ጠየቀ፣ ሞከረ። ከዛ በኋላ ለብዙ ዓመት የላብራቶሪ ስራ ተሰራበት፣ እ.ኤ.አ. በ1989 ከስራ ባልደረባው ከዶ/ር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉበት። ልጆቹ እንዶድ ያውቃሉ፣ ወንዝ ያውቃሉ፣ ልብስ ማጠብ ያውቃሉ። መነሻው በነሱ ሰፈር የሚገኝ ነገር እንደሆነ ሲሰሙ ፊታቸው ላይ የሚታየውን ለውጥ እራስሽ ታዪዋለሽ።

ጥያቄ ማስወጣቱ ላይ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስጪው፣ አትቸኩይ። በየክፍሉ ግድግዳ ላይ አንድ ፍሊፕ ቻርት ለጥፊና "ለምን ይሆን?" ብለሽ ፃፊበት፣ ልጆቹ ቤት፣ መንገድ ላይ፣ ሜዳ ላይ ያዩትን የገረማቸውን ነገር እየመጡ ይፃፉበት፣ ሚኒ ሚዲያው ደግሞ በየጠዋቱ ከሰልፍ በኋላ ሁለቱን ያንብብ። መጀመሪያ ላይ የሚመጣው "ሰማይ ለምን ሰማያዊ ሆነ" አይነት ነው፣ ጥያቄው ጥሩ ነው ግን ልጁ ለክቶ ሊመልሰው አይችልም። እሱን አትጣይበት፣ "ይሄን በመፅሐፍ እንፈልገዋለን፣ በእጃችን ልንሞክረው የምንችል ሌላስ?" በይው። ቀስ እያለ "እናቴ ሊጡን ምድጃ አጠገብ የምታስቀምጠው ለምንድነው"፣ "ጥቁር ጃኬት ለምን ይሞቃል"፣ "የልብስ ማጠቢያ ውሃ ጎመን ላይ ሲደፋ ጎመኑን ይጎዳዋል ወይ" የሚሉ ይመጣሉ። እነዚህ ናቸው ወርቅ። ማጣሪያሽ ሶስት ነገር ይሁን፤ ልጁ እራሱ ሊሰራው ይችላል ወይ፣ በቁጥር የሚፃፍ ነገር አለው ወይ፣ እቃው ቤት ወይ ሱቅ አለ ወይ።

የመጨረሻዋን ጥያቄ ይዤ አንድ ፕሮጀክት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ላሳይሽ። የሚያስፈልገው ፌጦ፣ ጥጥ፣ ስድስት የፕላስቲክ ክዳን ወይ ትንንሽ ሳህን፣ ኦሞና ውሃ ነው። ፌጦን የመረጥኩልሽ በሁለት በሶስት ቀን ውስጥ ስለሚበቅልና ትንሽ ቦታ ስለሚበቃው ነው፣ በብርድ አንድ ቀን ሊጨምር ይችላል። ልጆቹ በየክዳኑ ጥጥ ያነጥፋሉ፣ በየአንዳንዱ ላይ 20 ፍሬ ፌጦ ቆጥረው ይበትናሉ። ሶስቱን ክዳን በንፁህ ውሃ፣ ሶስቱን ልብስ ከታጠበበት የኦሞ ውሃ በእኩል መጠን፣ ለምሳሌ ሁለት ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያርሷቸዋል። ስድስቱም አንድ መስኮት ስር ይቀመጣሉ። ፌጦ ሲርስ ዙሪያው የሚያንሸራትት ነገር ያወጣል፣ ልጆቹ "ተበላሸ" ብለው ሊጥሉት ይችላሉ፣ ጤናማ መሆኑን አስቀድመሽ ንገሪያቸው፣ እንደውም ደብተር ላይ ይሳሉት። ከዛ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ስንት ፍሬ እንደበቀለ ይቆጥራሉ፣ ከ4ኛው ቀን በኋላ ደግሞ የቡቃያውን ቁመት በማስመሪያ ይለካሉ፣ ውሃው እንዳይደርቅ ለሁሉም እኩል እኩል ይጨምራሉ። አሁን እዚህ ጋር ነው አንቺ የምትጠይቂያቸው፤ ለምን 20 ፍሬ ሆነ፣ ለምን አንድ ብቻ አልሆነም? ለምን ሶስት ሶስት ክዳን? አንዱ ክዳን ፀሐይ ላይ ሌላው ጥላ ውስጥ ቢቀመጥ ምን ችግር አለው? ልጆቹ እራሳቸው "እንዴ እንደዛማ ከሆነ ያደረገው ፀሐዩ ይሁን ኦሞው አይታወቅም" ይሉሻል። ይሄን ያለ ልጅ አንድ ነገር ብቻ ቀይሮ ሌላውን እኩል ማድረግ ማለት ምን እንደሆነ ገብቶታል፣ መፅሐፉ ላይ ያለውን ትርጉም በቃሉ ባይዝም ግድ የለም። ጎበዝ ቡድን ካለሽ ደግሞ ኦሞውን በመጠን ይቀያይሩት፣ በአንድ ሊትር ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ አንድ፣ ሁለት፣ አራት፣ ስንት ላይ መጉዳት እንደሚጀምር ይፈልጉ። የዛ ቡድን ውጤት ቤታቸው ጎመን ያላቸውን እናቶች ሁሉ ይጠቅማል።

ሌሎቹን ባጭሩ ልበልሽ። እርሾ በጣም ጥሩ ነው። የጤፍ ሊጥ ከእርሾ ጋር ተቦክቶ እኩል እኩል ተለክቶ በሁለት ግማሽ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ይገባል፣ አፉ ላይ ፊኛ ይታሰራል፣ አንዱ ምድጃ አጠገብ አንዱ ብርድ ቦታ ይቀመጣል፣ ፊኛው የሚነፋው እርሾው ውስጥ ያሉት ረቂቅ ህዋሳት በሚያወጡት ካርቦንዳይኦክሳይድ ነው፣ ልጆቹ የፊኛውን ዙሪያ በክር እየለኩ በየተወሰነ ሰዓቱ ይመዘግባሉ። ጠርሙሱን በክዳን ጠርቅመው እንዳይዘጉት ብቻ፣ የመስታወት ጠርሙስም በፍፁም እንዳይሆን፣ ጋዙ ሲበዛ ይፈነዳል። ያ እሳተ ገሞራውን የሙጥኝ ያለ ልጅ ካለም አታስከፊው፣ ያንኑ አቼቶና ቤኪንግ ሶዳ በፊኛ ያድርገውና "ሶዳውን እጥፍ ባደርገው ፊኛው እጥፍ ይሆናል ወይ" ብሎ ይጠይቅ፣ አቼቶው እስኪያልቅበት ድረስ ይጨምርና ከዛ ይቆማል፣ ለምን እንደቆመ እንዲያስብ ተዪው።

ጥቁርና ነጭ የተቀባ ጣሳ ውሃ ሞልቶ ፀሐይ ላይ ማስቀመጥም ይሰራል፣ ግን ቴርሞሜትር ከጤና ጣቢያ እንዳትዋሺ፣ የሰው መለኪያው ከ35 እስከ 42 ዲግሪ ብቻ ነው የሚያሳየው። የላብ ቴርሞሜትር በአካባቢሽ ካለ ሁለተኛ ደረጃ ት/ቤት ይገኛል፣ ዩኒቨርስቲያችሁ ጋም የስቴም (የሳይንስ፣ ቴክኖሎጂ፣ ምህንድስናና ሂሳብ) ማዕከል ካለ ጠይቂ፣ በደብዳቤ ከሄድሽ አብዛኛውን ጊዜ አይከለክሉሽም። ከተቸገርሽ ደግሞ ሁለቱ ጣሳ ክዳን ላይ እኩል ቅቤ አድርጎ የትኛው ቀድሞ ቀለጠ ብሎ በሰዓት መያዝ ይቻላል። ሽፈራው (ሞሪንጋ የሚባለው ዛፍ) ሌላው ነው፣ የፍሬው ውስጥ ተፈጭቶ ደፍራሽ ውሃ ውስጥ ሲገባ ጭቃውን እያያዘ ወደ ታች ያወርደዋል። ሱቅ የሚሸጠው የቅጠሉ ዱቄት አይሰራም፣ ፍሬው ነው የሚፈለገው፣ አርባምንጭ ወይ ኮንሶ ዘመድ ያለው ልጅ ካለ ያስልክ። ውሃው ጥርት ቢልም ግን ጀርም ሊኖረው ስለሚችል ማንም እንዳይቀምሰው፣ ይሄንንም ፖስተሩ ላይ ይፃፉት።

ከሁሉም አንድ ሳንቲም የማያስወጣውን እና እኔ በጣም የምወደውን ልንገርሽ፣ የእንጨት ጥላ ነው። 1 ሜትር ዱላ ግቢ ውስጥ ቀጥ አድርጋችሁ ትከሉ፣ ከየካቲት አጋማሽ ጀምሮ በየሳምንቱ እኩለ ቀን ላይ ጥላው ስንት እንደሆነ ይለካ። እናንተ ጋ ፀሐይ መሃል ሰማይ ላይ የምትደርሰው በየካቲት 6 ሰዓት ከ35 ገደማ ነው፣ ሚያዝያ ላይ ወደ 6 ሰዓት ከ20 ይጠጋል፣ ስለዚህ ከ6 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት ባለው ጊዜ በየአምስት ደቂቃው ለክተው አጭሯን ጥላ ይያዙ። የካቲት 15 አካባቢ 36 ሳንቲ ሜትር ገደማ ወደ ሰሜን ይወድቃል፣ መጋቢት 11 ላይ ወደ 17 ይወርዳል፣ ሚያዝያ 7 አካባቢ ጥላው ይጠፋል፣ ፀሐይዋ ልክ አናት ላይ ትሆናለች። ግንቦት 1 ላይ ተመልሶ ወደ 13 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፣ ግን አሁን ወደ ደቡብ ነው የሚወድቀው! ይሄ አውሮፓ ላለ ልጅ የማይታይ ነገር ነው፣ እኛ ከምድር ወገብ ብዙ ስለማንርቅ ነው የምናየው። የ4ኛ ክፍል ልጆች ሲሰሩት ጥላው ጠፍቶ ባዩበት ቀን የሚያሰሙት ጩኸት የሚረሳ አይደለም።

ስለ ቁጥር ካነሳሁ አይቀር አንድ ያየሁትን ልንገርሽ ምክንያቱም አንቺም ላይ ይደርሳል። አዲስ አበባ አንድ ት/ቤት ዳኛ ሆኜ አንዲት የ8ኛ ክፍል ልጅ ውሃ በስንት ዲግሪ እንደሚፈላ ለክታ አቅርባ ነበር። ፖስተሩ ላይ 100 ይላል፣ ደብተሯን ስገልጥ ግን ሶስት ጊዜ የተፃፈ 92፣ 92፣ 92 አለ፣ ላዩ ላይ በቀይ ተሰርዟል። "ለምን ሰረዝሽው?" ስላት "መምህር ተሳስተሻል፣ በ100 ነው የሚፈላው አሉኝ" አለችኝ። ልጅቷ ልክ ነበረች! 100 ዲግሪ የባህር ወለል ላይ ነው፣ አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየር ግፊቱ ይቀንሳል፣ ውሃ በ92 አካባቢ ይፈላል፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ ከዛም ከፍ ስለምትል ወደ 91 ትወርዳለች። በዛ ቀን እጇ ላይ የነበረው ትልቅ ግኝት ተሰርዞ ነበር። ስለዚህ እባክሽ ለሁሉም አጋዥ መምህራን ከመጀመሪያው አንድ ህግ ንገሪያቸው፤ ልጅ የለካው ቁጥር አይሰረዝም። ከመፅሐፉ ከተለየ ይደገማል፣ አሁንም ከተለየ "ለምን ይሆን" ተብሎ ይፃፋል። ያልሰራ ሙከራም ይቀርባል። ባቄላው ሳይበቅል የቀረበት ልጅ ምን እንዳደረገና ምን እንደገመተ በግልፅ ካስረዳ ከማንም እኩል ይወዳደራል።

አደረጃጀቱ ላይ ስመጣ፣ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ያሉትን በተናጠል አታስጨንቂያቸው፣ አንድ ክፍል አንድ የጋራ ፕሮጀክት ይበቃል፣ ያ የጥላው ነገር ወይ ዘር ማብቀል፣ መምህሯ ትመራቸዋለች ቆጠራውና ስዕሉ ግን የነሱ ይሁን። ከ5ኛ በላይ ከ3 እስከ 4 ልጅ ያለው ቡድን። 60 ልጅ ቢያንስ 15 ቡድን ነው፣ የአንድ ክፍል ብቻ! ሁሉንም አንድ ቀን አንድ ቦታ ማምጣት አይቻልም፣ ስለዚህ መጀመሪያ በየክፍሉ በአካባቢ ሳይንስ ክፍለ ጊዜ ሁሉም ያቅርቡ፣ ከየክፍሉ ሶስት ሶስት ወደ ትልቁ ቀን ይለፉ። ዋናው መማሪያ እንደውም ያ የክፍሉ ነው፣ ሁሉም ልጅ አፉን ከፍቶ የሚናገርበት እሱ ብቻ ስለሆነ። ቡድን ውስጥ ደግሞ አይንሽን የምትጥይበት ነገር ወንዶቹ ሲለኩ ሴቶቹ ፀሐፊ ሆነው እንዳይቀሩ ነው፣ በየሳምንቱ ስራ ይቀያየሩ፣ ለካሁ ፃፍኩ ብሎ እያንዳንዱ ስሙን ደብተሩ ላይ ያስፍር። ደብተር ስልሽ ለያንዳንዱ ቡድን አንድ የፕሮጀክት ደብተር ማለቴ ነው፣ ቀን እየተፃፈበት፣ ውሃ ፈሶበት ተጨማዶ ቢመጣም ችግር የለውም። አንቺ ሳምንት በሳምንት እያየሽ ትፈርሚበታለሽ። ይሄ ፊርማ ብቻውን ወላጅ በመጨረሻው ሌሊት ሰርቶ የሚያመጣውን ያስቀርልሻል፣ ደብተር የሌለው ፕሮጀክት አይቀርብም በቃ።

ወላጆቹን በወመተህ (የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ህብረት) ስብሰባ ላይ አግኚያቸው፣ በማስታወቂያ ወረቀት ብቻ አይሆንም። የምትነግሪያቸውም አትርዱ የሚል እንዳይሆን፣ ከዛ ይልቅ ምን እንዲያደርጉ እንደምትፈልጊ ንገሪያቸው፤ ልጁ ሊጡን ሲለካ ቦታ ይስጡት፣ ቢላ ወይ እሳት ካለበት አጠገቡ ይሁኑ፣ ማታ ማታ "ዛሬ ስንት ሆነ? ለምን ይመስልሃል?" ብለው ይጠይቁት፣ ፖስተሩን ግን አይፃፉለት። አንዳንድ ወላጅ የሚሰራለት ልጁ እንዳይዋረድበት ብሎ ነው፣ ከፍቅር የመጣ ነው፣ ስለዚህ የጠመመ የልጅ ፅሁፍ ነጥብ እንደማያስቀንስ በግልፅ ሲሰሙ ይረጋጋሉ። ፕሪንት የተደረገ ፖስተር አይፈቀድም በይ፣ በእጅ ብቻ። ተገዝቶ የመጣ ሞዴልም አይፈቀድም፣ ለመስሪያ እቃ አንድ ቡድን ከ100 ብር በላይ አያውጣ፣ ፌጦና ጥጥ ፊኛ ምናምን በጅምላ ት/ቤቱ ገዝቶ የማበልፀጊያ ማዕከሉ (የማስተማሪያ መሳሪያ ክፍሉ) ውስጥ ያስቀምጥ። ምሳ ይዞ መምጣት ለሚከብደው ልጅ "ከቤትህ አምጣ" የምትለዋ ቃል ምን እንደምትከብድ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም።

ጥንቃቄው ላይ ጥብቅ ሁኚ። ከግድግዳ ሶኬት የሚሰራ ነገር ልጅ አይነካም፣ ኤሌክትሪክ ከፈለጉ በባትሪ ድንጋይ። የመኪና ባትሪ አሲድ፣ ነጭ ጋዝ፣ ቤንዚን ግቢ ውስጥ አይግባ። በረኪና በጣም የምፈራው ነው፣ በየቤቱ ስላለ ልጆች ዝም ብለው ይቀላቅሉታል፣ ከአቼቶ ጋር ሲገናኝ ሳንባ የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፣ ስለዚህ በረኪና ያለበት ፕሮጀክት አትፍቀጂ። ሻጋታ ማየት የሚፈልግ ቡድን ዳቦውን በሚያሳይ ፌስታል ጥርቅም አድርጎ ይሰር፣ ከታሰረ በኋላ አይከፈትም፣ ሲያልቅም እንደታሰረ ይጣላል። እንስሳ የሚያሰቃይ ነገርም እንዲሁ፣ ጉንዳን የትኛውን ምግብ ይመርጣል ብሎ ማየት ይቻላል፣ ጫጩት ማስራብ አይቻልም።

የቀኑ ነገር እንኳን ቀላል ነው። ኮምባይንድ ዴስኩን ግድግዳ ተከትሎ ዙሪያውን መደርደር፣ ለፖስተር የዘይት ወይ የብስኩት ካርቶን ከሱቅ ለምኖ ሶስት ቦታ አጥፎ ማቆም፣ ነፋስ እንዳይጥለው ስሩ ድንጋይ። ውጪ ከሆነ ከሰፈሩ እድር ድንኳን ተዋሺ፣ የበልግ ዝናብ አይታመንም። የጎረቤት ት/ቤት ልጆችን ጥሪ፣ ወላጆች ከስራ መልስ የሚደርሱበት ሰዓት ይኑረው፣ ገበያ ቀን አይሁን።

ዳኝነት ብዙ ፌር የሚበላሽበት ቦታ ነውና ትንሽ ልቆይበት። ሂሳቡን አስቀድመሽ ስሪ። 40 ፕሮጀክት ቢኖርሽና እያንዳንዱን ሁለት ዳኛ ለየብቻ 7 ደቂቃ ያየው ብትይ 80 ጊዜ እይታ ነው፣ 560 ደቂቃ፣ ለ8 ዳኛ ሲካፈል ለእያንዳንዱ 70 ደቂቃ። ሶስት ዳኛ ብቻ ካለሽ ሶስት ሰዓት አልፎ ይሄዳል፣ የመጨረሻዎቹን እየሮጡ ነው የሚያዩዋቸው፣ እዛ ጋር ነው ልጆች የሚበደሉት። ዳኞቹን ከጤና ጣቢያ ነርስ፣ ከግብርና ባለሙያ፣ ከሁለተኛ ደረጃ የሳይንስ መምህራን አምጪ፣ ወላጅ የሆነ የልጁን ክፍል አይዳኝ። ነጥቡን እንዲህ አድርጊው፣ ጥያቄው የራሱ ነው ወይ 20፣ አሰራሩ አንድ ነገር ብቻ ቀይሮ ያወዳድራል ወይ 25፣ ደብተሩና ልኬቱ 25፣ ሲጠየቅ ያስረዳል ወይ 20፣ አቀራረብ 10። ለውበት ከ10 በላይ ከሰጠሽ ወደ አምናው ትመለሻለሽ። ከመጀመሩ በፊት ዳኞቹን ግማሽ ሰዓት ሰብስቢና ምን እንደሚጠይቁ ተስማሙ፤ "ይሄን እንዴት አሰብከው፣ ያልጠበቅከው ነገር ምን ነበር፣ እንደገና ብትሰራው ምን ትቀይራለህ"። "የፎቶሲንተሲስ ትርጉም ንገረኝ" የሚል ጥያቄ ፈተና ነው፣ እዚህ ቦታ የለውም። ከፍ ያሉት ክፍሎች በእንግሊዝኛ የሚማሩ ቢሆንም ልጁ በሚያስብበት ቋንቋ ያስረዳ፣ አማርኛም ኦሮምኛም ይሁን። ዳኛውም ጎንበስ ብሎ ወይ ተቀምጦ ይጠይቅ፣ ክራባት ያሰረ ትልቅ ሰው ከላይ ቆሞ ሲያፈጥበት የሚያውቀውን የሚረሳ ልጅ ብዙ ነው።

ሽልማቱን በተመለከተ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ላሉት ደረጃ አይሰጥ፣ ለሁሉም በስማቸው የተፃፈ ሰርተፍኬት። ለትልልቆቹ አንደኛ ሁለተኛ ሶስተኛ መስጠት ትችያለሽ ግን ከሱ ጎን "ምርጥ ጥያቄ"፣ "ምርጥ ደብተር"፣ "ደጋግሞ የሞከረ" ብለሽ ጨምሪ፣ ከአምስት ስድስት ክፍል የተለያየ አይነት ልጅ ወደ መድረክ ይወጣል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ከየዳኛው ለያንዳንዱ ቡድን ሁለት መስመር የእጅ ፅሁፍ አስተያየት ይሰጠው፣ አንዱ የወደደው ሌላው ለከርሞ የሚያሻሽለው። ያንን ወረቀት ልጆች ደብተራቸው ውስጥ ለጥፈው ሲያቆዩት አይቻለሁ።

ጊዜው ላይ፣ ከመንፈቅ ዓመት እረፍት እንደተመለሳችሁ ጥያቄውን ጀምሪ፣ መጋቢት ሙከራ፣ የክፍሉ አቀራረብ ሚያዝያ፣ ትልቁ ቀን ሚያዝያ መጨረሻ። ፋሲካና ረመዳን የት እንደሚውሉ አይተሽ አስተካክይው፣ ከግንቦት ካለፈ የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ፈተና ስለሚገባ ማንም አይሰማሽም። አሁን ነገ ጠዋት ርዕሰ መምህሩ ጋ ግቢና ሶስት ነገር አስፈርሚ፤ ቀኑን፣ ለፌጦና ለጥጥ የሚሆነውን ትንሽ ገንዘብ፣ እና ከየክፍል ደረጃው አንድ አንድ አጋዥ መምህር። ብቻሽን እንዳትይዢው። የዳኞቹን የነጥብ ወረቀት በአንድ ገፅ አድርጌ ማዘጋጀት እችላለሁ፣ ስንት ክፍልና ስንት ቡድን እንዳለሽ እዚሁ ፃፊልኝና በዛ ልክ እሰራልሻለሁ።